ከግድግዳው ማዶ ያለው ክር

ኅዳር 6

ትናንት ሁለት ሽማግሌዎች ልኮ ፈታኝ። ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ የቀዳችውን ሻይ ሳይነኩ ተናገሩ። ታላቁ፣ «አታሄር እንዲህ ይላል» አለ፤ «ሚስቴ ሰው ፊት ቃሌን ታርማለች፤ በአንድ ድንኳን ሁለት ገጣሚ አይኖርም።»

ሁለት? አንድ ነበር እኮ። እሱም እኔ ነበርኩ።

«የጉድጓዱ ከንፈር» የሚለውን ዘፈን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአልጀርስ ትምህርቴን ጨርሼ የተመለስኩ ዓመት፣ የአያቶቼ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ፣ ገመድ ድንጋዩን የቆረጠበትን ቦይ በጣቴ እየዳሰስኩ። ዜማውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አታሄር ያመጣው ጊታሩን ነው። ዛሬ በታማንራሰት ታክሲ ሁሉ ውስጥ ይሰማል፤ ራዲዮውም «ግጥምና ዜማ አታሄር» ይላል። አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የእኔ ነው» አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

አላለቀስኩም። በወጋችን ቤት የሴቷ ስለሆነ ከእናቴ ግቢ ካለው ክፍላችን የወጣው እሱ ነው። አዲሱን ጊታሩን ይዞ ሄደ። ደረቱ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ትቶታል፤ አሮጌ ነገር ትቶ መሄድ ይችልበታል።

ከፍቺ በኋላ የምጠብቀው የሦስት ወር ጊዜ ሲያልቅ እናቴ እንደ ወጉ ድግስ ትደግሳለች። የተፈታች ሴት አጊጣ ትወጣለች፤ ከበሮ ይመታል፤ ወንዶች ሊያዩዋት ይመጣሉ። ያን ቀን ዘፈኔን እኔ ራሴ በዚህ በተሰነጠቀ ጊታር እጫወተዋለሁ። ሁሉም ይስማ። የማን እንደሆነ ይወቁ።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኛል። ጊታር መጫወት አልችልም።


ኅዳር 7

ለእናቴ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ጊታር የወንድ ነው። ኢምዛድ የሴት ነው። አንቺ የምትፈልጊው የማንን ነው?»

«የራሴን።»

«የራስሽን ስሰጥሽ መጽሐፍ ይሻለኛል ያልሽ ልጅ ነሽ።» ባለ አንድ ክር ማሲንቆዋን፣ ኢምዛዷን፣ ከቆዳ ከረጢቱ አውጥታ ቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ግቢው የእኔ ነው። ጊታር ይዘሽ ከግድግዳው ወዲህ እንዳትመጪ። እኔ ድንኳኔ ውስጥ፣ አንቺ ክፍልሽ ውስጥ።»

ይሁን። መርሐ ግብር አወጣሁ። ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ማታ ለሁለት ሰዓት። ዲግሪ ያገኘሁት በመተኛት አይደለም።


ኅዳር 10

ጣቶቼ። ብዕር መያዝ አልቻልኩም።


ኅዳር 13

ጎረቤታችን ሙባርካ ከአጥሩ ማዶ የእናቴን ስም ጠርታ ለሴት ልጇ ስትናገር ሰማሁ። «የማሪያታ ልጅ ፍየል ታርዳለች እንዴ?» ልጇም፣ «ስታርድ ቢሆን ፍየሉ አንድ ጊዜ ይሞት ነበር» አለቻት።

ዛሬ አምስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ።


ኅዳር 16

ጊታሩን ፍራሹ ላይ ወረወርኩት። ደግሞም አንስቼ ልሰብረው ስል አጋሊ በር ላይ ቆሞ ነበር። አጋሊ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው። መካኒክ ነው፤ ጊታርም እንደ ነገሩ ይጫወታል። በወጋችን እኔና እሱ መሰዳደብ እንጂ መከባበር አይፈቀድልንም።

«የዩኒቨርሲቲዋ! ጋራዥ ድረስ ይሰማል። ቀበቶው የተበጠሰ ሞተር መስሎኝ መፍቻዬን ይዤ መጣሁ።»

«አንተ ዝም በል። ሻሽ የምትጠመጥመው ለወግ ሳይሆን አፍንጫህን ለመደበቅ ነው።»

«አፍንጫዬን ያየሽው ልጅ ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ አድጓል።» ገብቶ ተቀመጠ። ጣቶቼን አየ። ሳቁ ጠፋ። «በቀን ስንት ሰዓት ነው የምትመቺው?»

«አራት። አንዳንዴ አምስት።»

«ምን በደለሽ?»

«ምን እንደበደለኝ አታውቅም? ዘፈኔን ወስዶ፣ ስሜን ፍቆ፣ ሽማግሌ ልኮ...»

«እሱን አላልኩም። ጊታሩን ነው ያልኩት።»

እሱ ጊታሩን አንስቶ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ የፈረስ ቁስል የሚያይ ሰው ይመስላል።

«ሻይ ስታፈዪ ሦስቱንም ብርጭቆ ባንዴ ትጨልጫለሽ?» አለኝ።

«ምን አገናኘው?»

«እኔ የተማርኩት መኪና በረሃ ላይ ሲበላሽብን፣ ሻይ እስኪፈላ ነው። የመጀመሪያው እስኪፈላ አውራ ጣትሽ ብቻ ይሥራ፤ ወፍራሙ ክር ላይ። ሌላው ጣት ቢያምረውም ይጠብቅ። ሁለተኛው እስኪፈላ ከዘፈኑ አንዲት ቁራሽ ያዢ፤ እንደ ታጌላ ቂጣ ቁራሽ፣ አፍ የምትሞላ ብቻ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ጣፋጩ ነው። ያሻሽን ነካኪ። አበላሺ፣ ሳቂ። ሻዩ ሲያልቅ ጊታሩ ይሰቀላል። ደስ እያለሽም ቢሆን።»

«ደስ ካለኝ ለምን አቆማለሁ?»

«ነገ እንድትመጪ ነዋ! እንዴ፣ እዚያ አልጀርስ ምንድነው ያስተማሩሽ?»

ሲወጣ ዘወር ብሎ፣ «ከሳጥኑም አውጪው። ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለእንግዳ የሚወጣ ዕቃ ነው» አለኝ። ምድጃዬ አጠገብ ራሱ ምስማር መታልኝ። መዶሻው ጣቱን ሲመታው የተሳደበው ስድብ እዚህ አይጻፍም።


ኅዳር 17

ሞኝነት ነው ብዬ ጀመርኩ። ማሰሮዋን ፍሙ ላይ ጣድኩ፤ አውራ ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ አሳረፍኩ። አንድ ጊዜ መታሁና እስኪያልቅ ልስማው አልኩ።

እስከ ዛሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስቀጠቅጠው ከርሜያለሁ እንጂ አንድ ጊዜም እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ክሩ ሲርገበገብ አንድ መሆኑ ይቀራል፤ በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የጭስ ቅጠል ይሆናል። ከዚያ ቅጠሉ ይጠባል፣ ይጠባል፣ እንደገና ክር ይሆናል። ድምፁ ግን ከክሩ በኋላም አለ። የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ፈልጌ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩ። አለቀ ስል ጸጥታው ራሱ የእሱን መልክ ይዞ ቆየ።

ሻዩ ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው።


ኅዳር 21

ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ያለኝ ቁራሽ የዘፈኑ መግቢያ ናት። አራት ድምፅ ብቻ። ዛሬ አንዴ ያለ ስህተት መጣች። አልደገምኳትም። ሰቀልኩት።

ማቆም ከመጀመር ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ እጄ ይራባል።


ኅዳር 24

ስልኬን ደፍቼ አስቀምጫለሁ። ይደውላል ብዬ አይደለም። መብራቱ ስለሚያስቸግረኝ ነው።


ኅዳር 28

ይህን ነገር በጥንቃቄ ልጽፈው።

ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ ግቢው ውስጥ ባለው የቆዳ ድንኳኗ ኢምዛድ ትመታለች፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትመታለች። እኔ የወተት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ክፍሌን ሳቋርጥ ንብ ሰማሁ። በዚህ ብርድ ንብ የለም። ቆምኩ። ድምፁ የሚመጣው ከምስማሩ ነው።

ጊታሩ ብቻውን ይዘፍን ነበር።

ማንም አልነካውም። ጣቴን ወደ ክሩ ሳስጠጋው ኮረኮረኝ፤ ይንቀጠቀጣል። ስይዘው ዝም አለ። ስለቀው እናቴ ያንኑ ድምፅ ስትደርስበት እንደገና ጀመረ። በመካከላችን የብሎኬት ግድግዳ አለ፤ የአሸዋ ግቢ አለ፤ የፍየል ቆዳ ድንኳን አለ። የኢምዛዷ የፈረስ ጭራ እዚያ ሲታሽ የእኔ ብረት እዚህ ይመልሳል። ለዚህ ነገር በትምህርት ቤት የተሰጠው ስም እንዳለ አውቃለሁ። ስሙን ለራሴ ተናገርኩት። ምንም አልጠቀመኝም። ሳህኑን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ንዝረቱ ደካማ ነበር። መቃኛውን በጥቂቱ ወደ ታች ሳዞረው በረታ። ገና ጥቂት ሳዞረው ክፍሉን ሞላው። እዚያ ላይ ተውኩት። ሌሎቹንም ክሮች ከእሱ ጋር አስማማሁ።

ከዛሬ ጀምሮ መቃኘት ማለት ለእኔ ይህ ነው። ከሻዩ በፊት እናቴ እስክትጀምር እጠብቃለሁ፤ ጊታሩ በራሱ እስኪናገር አዞረዋለሁ። ልምምዴንም ወደ ከሰዓት አዛወርኩት፤ ለዚህ ብቻ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ልላት?


ታኅሣሥ 3

በርትቶ በረደ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጥርስ አለው። ሻዩ ያው ሦስት ነው፤ አራቱ ድምፅ ግን ዘጠኝ ሆነ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የልጆች ዘፈን አወጣሁ፤ እየሳቅኩ። ብቻዬን ከሳቅኩ ስንት ዓመቴ ነው?


ታኅሣሥ 9

እናቴ ዘንድሮ በዝግታ ነው የምትመታው። ድሮ እንደ ሚዳቋ ነበረች። ማታ ታጌላውን መረቅ ውስጥ ስንቆራርስ ጠየቅኳት።

«እማ፣ ምነው ዜማሽ አዘገመ?»

«ክንዴን ብርድ ነካው።»

«ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?»

«ሐኪሙ ኢምዛድ ይመታል?»

«አይመታም።»

«እንግዲያው ምን ያውቃል? ብዪ።»

እጨነቅላታለሁ። በተለይ የእኔ ሁለተኛ ስንኝ ላይ፣ ጣቴ ሁልጊዜ በሚሰናከልበት ቦታ አካባቢ፣ ብርዱ ይጠናባታል፤ አንዲት ድምፅ ላይ ረጅም ጊዜ ትቆያለች። እኔ ስሻገር እሷም ይሻላታል። ያ አሮጌ ዜማዋ ደግሞ በአጋጣሚ ከዘፈኔ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። አሮጌ ዜማዎች እንዲህ ናቸው፤ ከሁሉም ጋር ይገጥማሉ።


ታኅሣሥ 15

አጋሊ መጣ። አንድ ብርጭቆ ያህል ሰማኝ። የሚሰድበኝን ሲፈልግ አየሁት፤ አጣ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«መጥፎ ነው። በጣም መጥፎ ነው።» ሻሹን ከአፉ ላይ አነሳና መልሶ ሸፈነው። «ስላስጠላኝ አንድ ጊዜ ድገሚው።»


ታኅሣሥ 26

ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ፒክአፕ ቆሞ ዘፈኔን ከፍቶ ለቀቀው። የእሱ ድምፅ። እንደ ሐር። ሾፌሩ አጠገቡ ላለው ሰው፣ «ይሄ ሰውዬ ይህን ግጥም ለማን ጻፈው ትላለህ?» አለው። ሌላው፣ «ለሚስቱ ይሆናላ» አለ። «ፈታት እኮ።» «እሱማ ከመፍታቱ በፊት ነዋ።»

ሳቁ።

ሻይ አልጣድኩም።


ታኅሣሥ 27

ትናንት ከፒክአፑ በኋላ እስከ ምሽት ቀጠቀጥኩት። ሁሉንም ነገር፣ በፍጥነት፣ ከእሱ በልጬ። አንድም ቆንጆ ድምፅ አልወጣም። እናቴ ከሰዓት ጀምራ ነበር፤ መሃል ላይ አቆመች። እኔ አላቆምኩም።

ዛሬ የግራ አንጓዬ አብጧል። እጄን ማጠፍ አልችልም። ድግሱ እየቀረበ ነው፤ እኔ በገዛ እጄ እጄን ሰበርኩ። ደደብ! ደደብ! በዲግሪ ደደብ!

ስልኩን አንዴ ገልብጬ አየሁት። ሰዓት ለማየት።


ታኅሣሥ 30

እናቴ አንጓዬን በቅቤ አሸችልኝ። ምንም አልጠየቀችም። ስታሽ በልጅነቴ የማውቀውን ነገር አየሁ፤ የግራ እጇ ጣቶች ጫፍ ላይ እንደ ቀንድ የጠነከረ፣ በመሃሉ ቦይ ያለው ቆዳ። ድሮ ፊቴን ስትዳብሰኝ ይቧጥጠኝ ነበር።

የራሴን ጣቶች አየሁ። ጀምሯል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ክሩ ያሰመረው ቀጭን መስመር።

ዘፈኔን ስጽፈው እንዲህ ብዬ ነበር፦

ገመዱ ልስልስ ነው፣ ጠንካራ ነው ድንጋይ፤
ማን ማንን ቆረጠ? ጎንበስ ብለህ እይ።

ያኔ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። ገመዱ እኔ ነበርኩ፤ ድንጋዩ ዓለም። ዛሬ ጣቴን ወደ ብርሃን አቅርቤ ስመለከት የቱ እንደሆንኩ ጠፋኝ። ጉድጓዱ ላይ ያሉት ቦዮች በቁጣ የተቆረጡ አይደሉም። ማንም ሴት ድንጋይ ልቁረጥ ብላ ገመድ አልሳበችም። ውሃ ልትቀዳ ነው የመጣችው፤ በማግሥቱም መጣች፤ ልጇም መጣች። እኔ ይህን ጽፌዋለሁ፤ ግን አላነበብኩትም ነበር።


ጥር 4

የቀኝ እጄ ደህና ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ የአውራ ጣት አይደል? ስለዚህ ሦስቱንም ብርጭቆ በአውራ ጣት። አንድ ክር። ሰልችቶኝ አያውቅም ብል ማን ያምነኛል? ወደ ድልድዩ፣ ክሩ ወደሚታሰርበት፣ ጠጋ ሲሉ ብረት ይላል፤ ወደ አንገቱ ሲሄዱ ማር ይሆናል። አንድ ክር ላይ አንድ አገር አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ አገር ውስጥ ስትኖር እኔ ከአጥሩ ውጪ ነበርኩ።

ዛሬ ዜማዋ በጣም ዝግ ያለ ነበር። አንድ ድምፅ፣ እንደገና ያው ድምፅ። ክንዷ ብሶባታል።


ጥር 13

አንጓዬ ዳነ። ቁራሽ ቁራሽ እየተቀጣጠለ ዘፈኑ ሙሉ ሆነ። ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄድኩ፤ ከግድግዳው ማዶ አሮጌው ዜማ እየሄደ። ስጨርስ እሷም ጨረሰች። አጋጣሚ ነው።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ፀሐይዋ ተራሮቹ ላይ ወድቃ ነበር፤ ድንጋዩ ሁሉ ከውስጥ የተለኮሰ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁት ተራራ ነው። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ሙባርካ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ምን ወደቀብሽ?» አለችኝ።

«ምንም። ተራራው ነው።»

«ምን ሆነ?»

«አለ።»

«እኔስ የት ይሄዳል ብዬሽ ነበር?» ብላ ተመለሰች። ቆይታ ግን ራሷም ዞራ ስታየው አየኋት።


ጥር 25

አጋሊ፦ አታሄር ከነባንዱ ወደ ድግሱ ሊመጣ ነው። መከልከል አይቻልም። ከፈታት ሴት ድግስ የቀረ ወንድ በቅናት ተቃጠለ ይባላል። ዘፈኑንም ይጫወታል አሉ። ዘፈኔን። በድግሴ።

«አትፍሪ» አለኝ።

አልፈራሁም። ሻዩ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ስኳር ጨመርኩ።


የካቲት 2

ሦስተኛውን ብርጭቆ ላለመተው ማልኩ። ሁሉም ነገር ወደዚያ ቀን ሲጎትተኝ ሦስተኛው ብርጭቆ አይጎተትም። ዛሬ ነፋሱን ለመምሰል ሞከርኩ። ፍየሏ መለሰችልኝ።


የካቲት 15

ነገ። ፀጉሬን እየሠሩኝ ነው። ሰባት ሴት በአንድ ጊዜ ያወራል። መጻፍ አልችልም። ጊታሩ ተቃኝቷል። ዛሬም ከእናቴ ኢምዛድ ጋር ነው የቃኘሁት።


የካቲት 17፣ ከቀትር በኋላ

አሁን ሁሉንም ልጻፍ። ትናንት።

ሰማያዊውን ልብስ አለበሱኝ፤ ቀለሙ አንገቴ ላይ ቀረ። የእናቴ የብር ጌጥ ደረቴ ላይ ከበደኝ። ሴቶቹ ቆዳ የተወጠረበትን የሙቀጫ ከበሮ ሲመቱ ሁለት ግመልና የአጋሊ መኪና ዞሩን፤ ግመሎቹ በወግ፣ መኪናው በጥሩምባ። ወንዶቹ እስከ ዓይናቸው ተሸፍነው በመስመር ተቀመጡ። አታሄር ከባንዱ ጋር መሃል ላይ ነበር። ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኑን እንዳላይ ብዬ ነበር።

ሰላምታው ሲያልቅ ጊታሩን አነሳና ጀመረ። መግቢያዋን። አራቱን ድምፅ። ቆንጆ አድርጎ ተጫወታት፤ መዋሸት አልችልም።

እናቴ ጎኔ ኢምዛዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። አልቸኮለችም። የምትመታበትን ቀስት አስቀመጠች። ኢምዛዱን አነሳች። ከረጢቱ ውስጥ ከተተችውና ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

ከበሮው ቆመ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ወደ አሸዋው ጣሉ። ከውጊያ የሸሸ ወንድ ፊት ኢምዛድ አይመታም፤ አያቶቻችን እንዲህ ነበር የሚፈርዱት፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ። ይህን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ታሪክ ነበር የሚመስለኝ። የአታሄር እጅ ክሩ ላይ ደረቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያን ቀን መልእክቱን ያመጣው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ማሪያታ፣ በምን ጥፋት?» አለ።

«በተሰረቀ ውሃ» አለች እናቴ። «ጠጪው ያውቀዋል።»

ጊዜው የእኔ ነበር። ጊታሩን አነሳሁ። መግቢያዋን መታኋት።

የባንዱ ልጆች ተያዩ። አንደኛው ሳቁን በሻሹ ውስጥ አፈነ፤ አልታፈነለትም። «ቅኝቱ ወድቋል!» አለ ሌላው። እርስ በርሳቸው አንድ ክር መቱና ከእኔ ጋር አስተያዩት። እውነት ነበር። የእኔ ከእነሱ በታች ነበር፤ በብዙ። ጆሮዬ ጋለ። ወራት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ካለው አንድ ክር ጋር ቃኝቼ፣ በዓለም ላይ ሌላ ጊታር እንዳለ ረስቼ! ማን እንዲህ ይሳሳታል? አንደኛው በጨዋነት ጎንበስ ብሎ መቃኛዬን ያዘ። «እህቴ፣ ከፍ ላድርግልሽ።»

«እጅህን አንሳ» አለች እናቴ።

ከረጢቱን ፈታች። ኢምዛዱን አወጣች። ቀስቱን አንዴ ሳበች፤ ረጅም፣ አንድ ድምፅ ብቻ።

ጭኔ ላይ ያለው ጊታር፣ ሳልነካው፣ መለሰላት።

ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁሉ ሰሙት። የሳቀው ልጅ ሻሹ ከአፉ ላይ ወርዶ ሳያነሳው ቀረ። በዚህ ምድር ላይ ኢምዛድ ተሳሳተ የሚል ሰው አልተወለደም። የወደቀ ቅኝት ካለ እንግዲህ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው አጋሊ ነበር። በዝምታው መካከል የመቃኛው ጩኸት ተሰማ፤ ወደ ታች። ከዚያ ከጎኑ ያለው። ከዚያ የባንዱ ልጆች፣ አንድ በአንድ። አንድ ረድፍ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ክራቸውን ሲያላሉ አየሁ፤ ድምፁ እንደ ግመል ጉዞ ቀስ እያለ ወደ እኛ ወረደ፣ ወደ እኔና ወደ እናቴ። ፀጉሬ ሥር ድረስ ነዘረኝ።

አታሄር ብቻ ቀረ። አዞረ፣ መታ፣ አለፈው። መለሰ። አላገኘውም። በመጨረሻ ቀና አለ። ለሦስት ወር ያዘጋጀሁት ስድብ ምላሴ ላይ ነበር።

«ራይሻ» አለ ዝቅ ብሎ። «ድምፁን ስጪኝ።»

ልከለክለው እችል ነበር። ይህን እጽፋለሁ፤ እችል ነበር። ግን ያ ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ እኔም ከግድግዳ ማዶ የተሰጠኝ ነው። ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታሁ፤ እስኪያልቅም ተውኩት። እሱ ጆሮውን አዘንብሎ ተከተለው፤ ደረሰበትም።

ከዚያ እንደ ገጣሚ ሴቶች ወግ ከስሜ ጀመርኩ። «እኔ ራይሻ፣ የማሪያታ ልጅ፣ ይህን ያልኩት በአያቶቼ ጉድጓድ ላይ ነው» አልኩ። ድምፄ ወጣ። ገመዱና ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። የወንዶቹ ጊታሮች ከሥሬ ሆነው ተሸከሙኝ፤ የእሱም ከእነሱ ጋር። ዘፈኑ አንዴም አልፈጠነም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጣቴ ሊሰናከል ሲል ከጎኔ ያለው ኢምዛድ አንዲት ድምፅ ላይ ዘገየ፤ ተሻገርኩ።

በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ ክንዷን ብርድ አልነካውም ነበር። በዚህ ደብተር ውስጥ ስለ ክንዷ የጻፍኩትን ሁሉ መልሼ ማንበብ አልችልም፤ አፍራለሁ።

ሲበተኑ አንድ አዛውንት ለሌላው፣ «ያ የማሪያታ ልጅ ዘፈን» ሲሉ ሰማሁ። አታሄር ሲወጣ አላየሁትም። አጋሊ ሲወጣ ግን አይቼዋለሁ። «መጥፎ ነበር» አለኝ፤ ዓይኑን እየጠራረገ። «ጭሱ ነው።» እሳት አልነበረም።


የካቲት 18

ዛሬ የማሸንፈው ሰው የለኝም። ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ፈራሁ። በእሱ ላይ ያለኝ ቁጣ ከሌለ እጄ ይነሳ ይሆን?

ከሰዓት ማሰሮዋን ጣድኩ። ጊታሩን ከምስማሩ አወረድኩ። ከግድግዳው ማዶ እናቴ እስክትጀምር ጠበቅኩ። አልጀመረችም። ውሃው ፈላ። ክንዷ ይሆን፣ በእውነት? ልነሳ ስል በሩ ተከፈተ።

ኢምዛዱን ታቅፋ ነበር። ጊታር ከጀመርኩ ወዲህ ወደ ክፍሌ ገብታ አታውቅም፤ እሷው የከለከለችው ግድግዳ ነው። ምንጣፉን በእግሯ ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ቅሉን ጭኗ ላይ አደላደለች፤ ሻዩን አየች።

«ስንተኛው ነው?»

«የመጀመሪያው።»

«ደህና።» ቀስቱን አነሳች። «ከትናንት ወዲያ መጨረሻው ላይ ቀደምሽኝ። ዛሬ ጠብቂኝ።»